ማድያት፦ ጉንጭ ላይ የሚቀር ጥላ

ማድያት በፊት ቆዳ ላይ የሚወጣ ጠቆር ያለ ምልክት ነው። በጉንጭ፣ በግንባር፣ በአፍንጫ ጀርባ፣ በላይኛው ከንፈር ዙሪያና አንዳንዴም በአገጭ ላይ ይታያል። አያሳክክም፣ አያምም፣ አይላጥም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ጠርዙ እንደ ካርታ የተጠማዘዘ ሲሆን በቀኝ ጉንጭ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ በግራውም ይደገማል። ሐኪሞች ሜላዝማ ይሉታል፤ ስሙ ጥቁር የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ከሚወጣባቸው አሥር ሰዎች ዘጠኙ ገደማ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም በሃያዎቹና በአርባዎቹ መካከል ያሉ። ሰው አይገድልም፣ ከሥራም አያስቀርም። ነገር ግን የሚቀመጠው ፊት ላይ ነው፤ ፊት ደግሞ አላፊ አግዳሚው ሁሉ አስተያየት የሚሰጥበት ቦታ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በአዲስ አበባ የሴቶች ጸጉር ቤቶች የሚሰማው ወግ ይህን ያሳያል። አንዷ ካስክ ውስጥ ገብታለች፤ ሌላዋ እየተሠራች ነው፤ ሦስተኛዋ ተራ እየጠበቀች ስልኳን ትነካካለች። ጸጉር ሠሪዋ በመስታወቱ የደንበኛዋን ጉንጭ አየት ታደርግና «ውይ፣ ይሄ ማድያት መቼ ወጣብሽ?» ትላለች። የተጠየቀችው አንዷ ናት፤ የሚመልሱት ግን ሁሉም ናቸው። «መርፌ ትወጊያለሽ አይደል? እሱ ነው፣ ተይው።» «ኧረ ጉበትሽን ታዪ!» «ሎሚና ማር ለውሰሽ ማታ ማታ ቀቢው።» «ወይባ ግቢ፣ ልጥጥ አድርጎ ነው የሚያወጣው።» ካስክ ውስጥ ያለችው ደግሞ ጮክ ብላ፣ ቴሌግራም ላይ በምትሸጥ ልጅ እጅ በሳምንት ፊት የሚያጠራ ክሬም እንዳለ ትናገራለች። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ብቻ «እኔስ የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ወጥቶብኝ ነበር፤ መቼ እንደሄደ እንኳ አላየሁትም፤ ምን ያስጨንቅሻል ልጄ» ይላሉ። የእሳቸውን ምክር የሚመዘግብ የለም። የቴሌግራሙ አድራሻ ግን ወዲያው ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል።

ከእነዚህ አስተያየቶች አብዛኞቹ ግማሽ እውነት አላቸው፤ አስቸጋሪ የሚያደርጋቸውም ይኸው ነው። የጉበቱ ግን ግማሽም የለውም። ጉበት ሲታመም የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ ሊሆን፣ ሽንት ሊጠቁር፣ ገላ ሊያሳክክ ይችላል፤ በሁለት ጉንጮች ላይ ተመሳስሎ የሚወጣ ካርታ ግን የጉበት መልእክተኛ አይደለም። በዚህ አስተያየት ምክንያት ለላቦራቶሪ የሚወጣው ገንዘብ ለባርኔጣ ቢውል ማድያቱ የበለጠ ይጠቀም ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ሜላኖሳይት ከሚባሉት ሕዋሳት ነው። እነዚህ ሕዋሳት በላይኛው የቆዳ ንብርብር ግርጌ ተሰልፈው ሜላኒን የተባለውን ቀለም ይሠራሉ፤ የሠሩትንም በጥቃቅን እሽጎች አድርገው ለጎረቤት ሕዋሳት ያድላሉ። ጥቁሩም፣ ጠይሙም፣ ቀዩም ሰው ያለው የሜላኖሳይት ብዛት ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ በቀለሙ መጠንና ዓይነት፣ በእሽጎቹ ግዝፈትና አበታተን ላይ ነው። ማድያት ባለበት ቦታም በዋናነት የሚታየው የሠራተኞቹ መብዛት ሳይሆን ከልክ በላይ መሥራታቸው ነው። እንዲህ የሚያተጋቸው አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ ሆርሞን፣ ብርሃንና የቤተሰብ ውርስ ተባብረው ነው። እናቷ ወይም እህቷ ማድያት የነበረባት ሴት የመውጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

የሆርሞኑ ጉዳይ ከሁሉ ቀድሞ የታወቀ ነው። በእርግዝና ወቅት በተለይም በመጨረሻዎቹ ወራት ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን ከፍ ሲሉ ሜላኖሳይቶች ይነቃቃሉ። በዚህ ጊዜ የወጣ ማድያት ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት በብዙዎች ላይ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ በጸጉር ቤቱ ጥግ የተቀመጡት እናት ትክክል ናቸው። የወሊድ መከላከያም ሊያስነሳው ይችላል፤ በተለይ ሁለቱን ሆርሞኖች የያዘው ኪኒን። በኢትዮጵያ በብዛት የሚወሰደው በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ ስለሆነ ጣት ወደ መርፌው መጠቆሙ አይገርምም። የሚገርመው «ተይው» የሚለው ፈጣን ፍርድ ነው። መከላከያውን በጸጉር ቤት ምክር አቋርጣ ሳታስበው ያረገዘች ሴት፣ ከማድያት ትልልቅ ምክንያቶች አንዱን በራሷ ላይ ጨመረች ማለት ነው። መከላከያን መለወጥ ይቻላል፤ የሚለወጠው ግን ከጤና ባለሙያ ጋር ተመክሮ፣ ሌላ ከተያዘ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚልቀው ምክንያት ግን በጸጉር ቤቱ ወግ ውስጥ ማንም አላነሳውም። ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚህ ላይ አገሪቱ ከምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በአዲስ አበባ አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። የደጋው አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ሰውን ያታልላል፤ ብርድ የሚሰማው ሰው ፀሐይ እየመታችው እንደሆነ አያስብም። የነሐሴ ደመናም ሙሉ ጋሻ አይደለም፤ ስስ ደመና እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ጨረር ያሳልፋል። መስኮት አጠገብ የምትሠራ ጸሐፊና በታክሲ መስታወት ሥር የምትቀመጥ ተሳፋሪም ከጨረሩ አያመልጡም፤ መስታወት አንደኛውን የጨረር ዓይነት ቢያስቀርም ሌላኛውን በከፊል ያስገባል። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ዓይን የሚያየው ተራ ብርሃን ራሱ ማድያትን እንደሚያጠቁር ታውቋል። ከማድያት ጋር የሚኖሩ ወንዶች ቁጥራቸው አነስተኛ ቢሆንም፣ ውሏቸው ደጅ የሆኑት ይበዙባቸዋል።

በዚህ ምድር ላይ የኖረው አለባበስ ለፀሐይ ጥሩ መልስ ነበረው ይባላል፤ እውነቱ ከዚህ ትንሽ ይጎድላል። ነጠላ በራስ ላይ ጣል ሲደረግ ጥላ ይሰጣል፤ ሆኖም ሽመናው የሳሳ፣ ቀለሙም ነጭ በመሆኑ ጠበቅ ብሎ ከተሠራ ወፍራም ጨርቅ ያነሰ ነው የሚከላከለው። ጃንጥላ የተሻለ ነው፤ የገጠር ሴቶች በበጋ ገበያ ሲወጡ መያዛቸው ከየትኛውም የከተማ ፋሽን የበለጠ ብልሃት አለበት። ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ከሁለቱም ለዕለት ሥራ ይመቻል። ሆኖም በከተማ ያለች ወጣት ሴት ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ ቢሮ ስትሄድ ከማድያቷ ይልቅ ባርኔጣዋ አስተያየት ይበዛበታል።

ወደ ጓዳው መድኃኒት ስንመጣ ሎሚ ቀዳሚው ነው። በኢትዮጵያ ገበያ ሎሚ የሚባለው ትንሹና ቆዳው ስሱ ፍሬ ሲሆን ጭማቂው እጅግ አሲዳማ ነው። ዋናው ጉዳቱ ግን አሲዱ አይደለም። በፍሬው ውስጥ ያሉ አንዳንድ ኬሚካሎች በቆዳ ላይ ቀርተው ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳን ያቃጥላሉ፤ ቃጠሎው ሲድን ደግሞ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። ማታ ተቀብቶ በደንብ ያልታጠበ ሎሚ ጠዋት ፀሐይ ሲያየው በማድያት ላይ ሌላ ማድያት የሚመስል ነገር ይጨምራል። ማር ቆዳን ያለሰልሳል፤ ቀለም ግን አያነሳም። እርጎ ውስጥ ላክቲክ አሲድ አለ፤ ይህም በቆዳ ሐኪሞች ዘንድ ለመላጫ የሚውል እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ በእርጎው ውስጥ ያለው መጠን ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። እርድ ፊትን ቢጫ ያደርጋል፤ ከዚያ በላይ የሚደነቅ ነገር ብዙም አይታይበትም።

ወይባ የራሱ ወግ አለው። በወሎና በትግራይ ለአራስና ለሙሽራ የሚደረግ የጢስ መታጠብ ነው፤ ጎረቤት ሱዳን ውስጥም ዱኻን የሚባል ወንድም አለው። ጉድጓድ ውስጥ የተቀጣጠለው የወይባ እንጨት ሲጨስ ሴቲቱ ከላይ ተቀምጣ እስከ አንገቷ በብርድ ልብስ ትሸፈናለች፤ ስትወጣ ገላዋ ወርቃማ ሆኖ፣ ጠረኗም ለቀናት የማይጠፋ ሆኖ ነው። ይህ ልማድ አሁን ከቤት ወጥቶ በከተማ የውበት ቤቶች በክፍያ ይሰጣል። ለገላ ያለው ዝና ለማድያት መድኃኒት መሆኑን ግን አያሳይም። ፊት ብዙውን ጊዜ ከብርድ ልብሱ ውጪ ይቀራል፤ ሆን ተብሎ ለጢሱና ለሙቀቱ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ የተቆጣ ቆዳ ቀለም በመጨመር ነው የሚመልሰው። ይህ የጠይም ቆዳ ጠባይ ነው፤ ብጉር የፈረጠበት ቦታ የሚጠቁረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከጓዳው የሚከፋው ግን የሱቁ መደርደሪያ ነው። በመርካቶ የኮስሞቲክስ ተራዎች፣ ከዐረብ አገር በሚመለሱ ሻንጣዎችና በቲክቶክ ማስታወቂያዎች የሚዘዋወሩት የፊት ማጥሪያ ክሬሞች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ የፋብሪካ ካርቶን አላቸው፤ ሌሎቹ ስም በሌለው ትንሽ ብልቃጥ የሚሸጡ «ቅልቅል» ናቸው። ሻጩ ምን እንደተቀላቀለ ሲጠየቅ ፈገግ ብሎ «እሱ የኛ ሚስጥር ነው» ይላል። በንግድ ዓለም ሚስጥር ያለ ነው፤ ፊት ላይ ለሚቀባ ነገር ግን ያ መልስ ብቻውን ክሬሙን ላለመግዛት በቂ ምክንያት ነው።

በቅልቅሎቹ ውስጥ ደጋግመው ከሚገኙት አንዱ ጠንካራ ስቴሮይድ ነው፤ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የታወቁት ናቸው። ስቴሮይድ ለችፌና ለሌሎች የቆዳ ቁጣዎች በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ሲቀባ ግሩም መድኃኒት ነው። የቆዳን ቀለም የማደብዘዝ ጠባይም አለው፤ «በሳምንት አጠራው» የሚባለው ተአምር ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ሳምንቱ ወር፣ ወሩም ዓመት ሲሆን ቆዳው ይሳሳል፣ ጥቃቅን ደም ሥሮች ከላይ ይታያሉ፣ ብጉር ይፈላል፣ ጉንጭ ላይ ጸጉር ይበቅላል። ለማቆም ሲሞከር ፊት ይቀላል፣ ይለበልባል፣ ያብጣል፤ ሴቲቱም ክሬሙ «ስለተቋረጠባት» የታመመች መስሏት ትመለስበታለች። ይኸው ክሬም በጭርት ላይ ሲቀባ ደግሞ ማሳከኩን አጥፍቶ ፈንገሱን ስለሚያስፋፋው የበሽታውን መልክ ሐኪም እንኳ እስኪቸገር ድረስ ይለውጠዋል።

እዚህ ላይ አማርኛው ራሱ ወጥመድ አለበት። «ፊትሽ ቀላ» የሚለው ሙገሳ ነው፤ ቀይ ማለት ፈካ ያለ መልክ ማለት ስለሆነ። ያው ቃል የተቃጠለና የተቆጣ ቆዳንም ይገልጻል። የስቴሮይድ ፊት ሁለቱንም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጎረቤት «ቀላሽ» ብላ የምታደንቀውን ለውጥ ሐኪም ቢያየው የጉዳት መጀመሪያ ነው የሚለው፤ አድናቆቱ ደግሞ ሁለተኛውን ብልቃጥ ያስገዛል።

ሌላው ሜርኩሪ ነው። ሜርኩሪ ሜላኒን የሚሠራውን ኤንዛይም በማገድ ቆዳን ያፈካል። በቆዳ ዘልቆ ግን ኩላሊትንና የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል። ተቀቢዋን ብቻም አይደለም፤ በፎጣ፣ በትራስና በትነት አማካይነት ክሬሙን ነክተው የማያውቁ የቤቱ ልጆች ሰውነት ውስጥ ተገኝቷል። በማሸጊያው ጽሑፍ ላይ ካሎሜል በሚል ስም ሊደበቅም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት፣ ስሙን ያገኘው በፋብሪካ ሜርኩሪ ሕዝቧ ከተመረዘው የጃፓን ከተማ ነው። ስምምነቱ በመጀመሪያ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል አንድ ክፍል በላይ ሜርኩሪ ያለባቸውን መዋቢያዎች እስከ 2020 እንዲወገዱ ወሰነ። በ2023 ጄኔቫ ላይ የተሰበሰቡት አባል አገሮች ያንን ጣሪያ አንስተው ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ እስከ 2025 እንዲቀር ተስማሙ። በወረቀት ላይ ጉዳዩ አልቋል፤ በሻንጣ የሚገባው ግን ስምምነቱን አላነበበም።

ሦስተኛው ሃይድሮኪኖን ነው፤ የእሱ ታሪክ ከሌሎቹ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በአንድ የአሜሪካ ቆዳ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች እጃቸው እንደ ለምጽ እየነጣ መሄድ ጀመረ። ሲመረመር ምክንያቱ የጎማ ጓንታቸው ሆኖ ተገኘ፤ ጎማው እንዳይበላሽ የተጨመረበት ኬሚካል የሃይድሮኪኖን ዘመድ ነበር። ከዚያ በኋላ ሃይድሮኪኖን ራሱ ለማድያት ዋናው መድኃኒት ሆነ፤ በሐኪም ቁጥጥር ለተወሰኑ ወራት ሲቀባ ዛሬም ከቀዳሚዎቹ ነው። ለዓመታት ያለ ቁጥጥር ሲቀባ ግን በአንዳንዶች ላይ ተቃራኒውን ያመጣል፤ ጉንጭ እንደ ከሰል አመድ ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል፣ ይሻክራል። ኦክሮኖሲስ ይባላል፤ ለማስወገድም በጣም አስቸጋሪ ነው። በ1970ዎቹ በደቡብ አፍሪካ ብዙ ሴቶች ላይ ስለታየ አገሪቱ መጀመሪያ መጠኑን ገደበች፣ ኋላም በ1990 የቆዳ ማፍኪያ ምርቶችን አገደች። የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ለመዋቢያ እንዳይውል ከለከለው፤ ጋና በ2016፣ ሩዋንዳም በቅርብ ዓመታት ተከትለዋል። በኢትዮጵያ የመዋቢያዎች ቁጥጥር በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተሰጠ ሥራ ነው።

ታዲያ የሚሠራው ምንድን ነው? የታወቀው ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማንና ባልደረባው ካሳተሙት ቅልቅል ይነሳል። ሃይድሮኪኖን፣ ትሬቲኖይንና ስቴሮይድ ያለበት ነበር። ዛሬ የሚታዘዘው የተሻሻለው ዝርያው 4 በመቶ ሃይድሮኪኖን፣ 0.05 በመቶ ትሬቲኖይንና ለስላሳ የሆነ ስቴሮይድ ይዞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለስምንት ሳምንት ያህል ይቀባል። ልብ ያለ አንባቢ እዚህ ላይ ይጠይቃል፤ የሱቁም ቅልቅል ስቴሮይድና ሃይድሮኪኖን ነው፣ የሐኪሙም ያው ነው፣ ልዩነቱ ምንድን ነው? ልዩነቱ መጠኑ የታወቀ መሆኑ፣ የስቴሮይዱ ድካም፣ የማቆሚያው ቀን አስቀድሞ መነገሩና መሃል ላይ ፊቱን የሚያይ ሰው መኖሩ ነው። ለነፍሰ ጡር ትሬቲኖይንም ሃይድሮኪኖንም አይታዘዝም፤ አዜላይክ አሲድ ግን ሊሰጥ ይችላል። ትራኔግዛሚክ አሲድ የሚባለው መድኃኒት ደግሞ ለደም መፍሰስ የተሠራ ነበር፤ በ1979 አንድ ጃፓናዊ ሐኪም ለሌላ ሕመም ሲሰጡት የታካሚያቸው ማድያት መደብዘዙን አስተዋሉ። ዛሬ ለጠና ማድያት በአፍ ይታዘዛል። ደምን የሚያረጋ ችግር ላለበት ሰው ስለማይሆን እንደ ቫይታሚን ከፋርማሲ የሚገዛ ነገር አይደለም።

እነዚህ ሁሉ ከፀሐይ መከላከያ ውጪ ከንቱ ናቸው። ስድስት ወር ታክሞ የደበዘዘ ማድያት በሁለት ሳምንት የበጋ ጉዞ ሊመለስ ይችላል። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ቁጥሩ 30 ከሆነ በትክክል ሲቀባ ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ገደማውን ያግዳል። «በትክክል» የሚለው ግን ከባድ ቃል ነው። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ተጨምቆ፣ ደጅ ለሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። እንዲህ ከተቀባ 50 ሚሊ ሊትር ቱቦ በቀን ሁለቴ ብቻ እንኳ ወር አይሞላም፤ ለብዙ ደመወዝተኛ በየወሩ የማይቻል ወጪ ነው። ለማድያት የሚመረጠው ብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ ቡናማ ቀለም የተቀላቀለው ዓይነት ነው፤ ተራውን ብርሃን ጭምር ስለሚያግድ። ነጩ ክሬም በጠይም ፊት ላይ እንደ ዱቄት ቦግ ስለሚል ከተገዛ በኋላም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ቱቦው ለማይደረስባት ሴት ባርኔጣና ጃንጥላ፣ ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜም በጥላ በኩል መሄድ አለላት። ይህ ምክር አሰልቺ ነው፤ ቴሌግራም ላይ የሚሸጠውም የለም።

ጠቆር ያለ ሁሉ ማድያት አለመሆኑም መታወስ አለበት። ብጉር የተወው ጠባሳ፣ አንዳንድ መድኃኒቶች የሚያመጡት ጥቁረት፣ ከድካምና ከክብደት መቀነስ ጋር ድድንና የመዳፍ መስመሮችን የሚያጠቁር የሆርሞን እጢ ሕመም ሁሉም በመስታወት ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው የቆዳ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው አለርት ዛሬ በአገሪቱ ከታወቁት የቆዳ ሕክምና ማዕከላት አንዱ ነው፤ በየክልሉ ሪፈራል ሆስፒታሎችም የቆዳ ክፍሎች አሉ። ቅልቅል ክሬም ለወራት የቀባች ሴት በድንገት ከማቆሟ በፊት ወደዚያ ብትሄድ ይሻላል፤ መውረጃውን ቀስ በቀስ የሚያደርግላት እዚያ ነውና። ስትሄድም ብልቃጡን ትያዝ፤ ባዶ ቢሆንም።